ሦስተኛዋ ልጅ

መስኮቱ ፊት ጎረቤቴ ታከለ ቆሟል፤ ከኋላው እኔ ለምስክርነት፤ በሩ አጠገብ ልጁ ሰናይት ክራንቿን ተደግፋ። የመጣነው ጎንደር፣ ግብር መሥሪያ ቤት ነው። ታከለ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ግብር ይቀነሳል የሚል ወሬ ከኮሶዬ ገበያ ይዞ መጥቷል።

እንዲህ ያለ አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሰው ሲጠይቀው ሁለት ልጆች አሉት፤ ግብር ሲቀነስለት ሦስት።

“ምነው አያ ታከለ፣ የቀበሌው መዝገብ ሁለት ልጅ ነው የሚለው” አለች ጸሐፊዋ።

“ቤታችን መጥቶ የመዘገበን ሰው እንግዳ ነበራ! እንግዳ ሲመጣ እሷ ጓዳ ነው የምትውል።”

ምን ይባላል? መልሱ ውሸት የለበትም። እኔም ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆኜ ያየኋት ጥቂት ቀን ነው፤ የት ናት ብዬም ጠይቄ አላውቅም። ቢሆንም ልጁ መሆኗን መስክሬ ፈረምኩ።

ጸሐፊዋ ስሟን ጻፈች። ሰናይት ወደ መስኮቱ ቀርባ ወረቀቱን አነበበች።

“አባዬ፣ ለፋሲካ እንግዳ ሲመጣም ልጅህ ነኝ?”

ታከለ፣ ማኅተሙ የት እንደሚመታ ጸሐፊዋን ጠየቀ።

“እትዬ፣ በሩን ይክፈቱልኝ” አለችኝ ሰናይት።

ከፈትኩላት፤ ወጣች።