ስኳር የሌለው ኬክና የእኔ ስኳር

«ተፈጥሯዊ» የምትለዋ ቃል የተጻፈችበት ዕቃ ሁሉ ለምን እንደዚህ እንደሚያስከብረን አይገባኝም። የእባብ መርዝም እኮ ተፈጥሯዊ ነው። ይህን የምለው ግን ከቤቴ ውጭ ነው፤ እቤት ስለ ኬሚካል የመናገር መብት የለኝም። ዚንድሊንገን የሚባል ሠፈር ካለው የኬሚካል ፋብሪካ መንደር፣ በአንዱ ቤተ ሙከራ ስመዝንና ስቀላቅል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና አንድ ቃል ከተነፈስኩ ባለቤቴ ጽጌ፣ «አንተ ዝም በል፤ እስከዛሬ የማግከው ይበቃሃል» ትለኛለች።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪሜ ስኳሬ ጠርዝ ላይ መድረሱን በነገረችኝ ሰሞን ነው። «ገና በሽታ አይባልም፤ ግን ጣፋጭ ይቀንሱ» አለችኝ። ጽጌ ደግሞ መቀነስ የሚባል ነገር አታውቅም። የምታውቀው መተካት ነው። በማግስቱ ጋሉስ ሠፈር ያለችው ጠባብ ወጥ ቤታችን ተበረበረች። ነጩ ስኳር ወጥቶ ቴምርና ማር ገባ። ቅቤው ተባርሮ ጀርመኖቹ አፕልሙስ የሚሉት የተፈጨ ፖም ቦታውን ያዘ። በእንቁላል ፈንታ ውሃ ውስጥ አድሮ የተዝለገለገ ተልባ መጣ። ባክፑልቨሩ፣ ያ ኬኩን የሚነፋው ነጭ ዱቄት፣ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ ሳየው ግን አላስቻለኝም።

«እሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«ኬሚካል ነዋ! ናትሮን ገዝቻለሁ። ስሙ ራሱ እኮ ናቱር ናቱር፣ ተፈጥሮ ተፈጥሮ ይላል።»

ናትሮን ማለት ያው ሶዲየም ባይካርቦኔት እንደሆነ፣ በጣለችው ባክፑልቨር ውስጥም ዋናው ነገር እሱ እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን ከፋብሪካ እንጂ ከዛፍ ላይ እንደማይለቀም ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። አየችኝ። ዘጋሁት።

ቅዳሜ ዕለት የመጀመሪያው ኬክ ወጣ። ቀለሙ ዝናብ የመታው አፈር ነው። ቢላዋው ያለችግር ገባ፤ ለመውጣት ግን አመነታ። ጣዕሙን እንዴት ልንገራችሁ? ማሩ ከተልባው፣ ተልባው ከፖሙ ጋር ተኳርፈው አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ዘመዳሞች ይመስላሉ። ጽጌ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ፊት ፊቴን ታያለች። ለእኔ ጤና ብላ ጠዋቱን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ናት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔም እሱኑ አልኳት።

«ይጣፍጣል!»

እንድታምነኝም ድገሚኝ አልኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ። ቅዳሜ ብቻ የነበረው ኬክ በየቀኑ ሆነ። አንዱ ቁራጭ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ጽጌም እንዲህ ከወደደውስ ብላ ማሩን አበዛችልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ፣ «ስኳር የለውም እኮ! እንደፈለገ ይበላዋል» ስትል እሰማለሁ። ማር ስኳር መሆኑን እንኳን እኔ፣ ቤተ ሙከራችንን የሚያጸዳው ሰውዬም ያውቃል። ግን ዕውቀት ከይሉኝታ ጋር ታግሎ ሲያሸንፍ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ከሦስት ወር በኋላ የሐኪም ቀጠሮዬ ደረሰና ጽጌ ውጤቱን በጆሮዬ ካልሰማሁ ብላ አብራኝ ገባች። ዶክተሯ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ተመልሳ ወረቀቱን አየች።

«በጣም ከፍ ብሏል። በዚህ ከቀጠለ መድኃኒት እጀምርልዎታለሁ። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ስኳር እኛ ቤት አይገባም!» አለች ጽጌ ኮራ ብላ። «ኬኩን ራሱ በቴምርና በማር ብቻ ነው የምጋግርለት።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «ለሰውነታቸው ያው ስኳር ነው። በቀን ስንት ቁራጭ ይበላሉ?»

«አራት» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

«ይህን ያህል ይጣፍጥዎታል?»

አዎ ካልኩ ሆዳም ነኝ። አይ ካልኩ ጽጌ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«አይጣፍጠኝም» አልኩ በመጨረሻ። «ባለቤቴ ስለምታየኝ ነው።»

ዶክተሯ ፊቷን ቶሎ ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። ምን እንደጻፈች እስካሁን አላውቅም። ስንወጣ ግን፣ «ኬክ ካማርዎት በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ፣ እሱንም የሚወዱትን» አለችኝ።

ትራም ውስጥ ጽጌ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች።

«የመጀመሪያ ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ደክመሽበት ነበራ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳት ብዬ ክው አልኩ። ዞር ስትል፣ ለካ እየሳቀች ኖሯል።

«እኔ እኮ አንዴ ቀምሼው ሁለተኛ አልነካሁትም! አላየህም?»

ማየቱንስ አይቻለሁ። ለእኔ እንዲተርፍ ብላ ይመስለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ልቤ ተነክቷል መሰላችሁ!

ሠፈራችን ሳንደርስ ወረድንና አንድ ዳቦ ቤት ገባን። ቅቤው በወረቀቱ ላይ ወዝ የሚተው፣ ስኳር የተነሰነሰበት አንድ ትንሽ ቁራጭ ኬክና ሁለት ሹካ አዘዝን። ሻጯ ልጅ ሽበታችንን አየችና አዘነችልን መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስኳር የሌለው፣ በቴምር ብቻ የጣፈጠ ተፈጥሯዊ ኬክም አለን» አለችን።

በመጋረጃ ቀለም እንኳን ተስማምተን የማናውቅ ባልና ሚስት እኩል ጮኽንባት።

«ናይን!»