በጭቃ የቀና ሰው

ሰው የሚቀናው በባለጸጋ ይመስላችኋል? ኧረ በጭራሽ! እዚህ ሳዑዲ፣ ኹበር ከተማ ከባሕሩ ዳር ሕንጻውን ደርድሮ የተቀመጠውን ሰውዬ አይቼ አንድም ቀን እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። አላህ ይጨምርለት ብዬ መኪናዬን እነዳለሁ። ቅናት የሚባለው ነገር ሩቅ መንገድ አይወድም፤ የሚፈልገው አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ሰው አልጋው ከአልጋዬ ሁለት ክንድ ብቻ ይርቃል። ስሙ ሰይድ ነው።

ሰይድና እኔ የኮምቦልቻ ልጆች ነን። ቱቅባ በሚባል የኹበር ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል እንኖራለን፤ የምንሠራውም ውሃና አፈር በሚመረምር አንድ ላቦራቶሪ ነው። እኔ ሹፌር ነኝ። እሱ ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ ነበር የገባው፤ ሱዳናዊውን አለቃችንን፣ ዶክተር የምንለውን፣ ምን አስነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ጭቃ ቀጂ ተደረገ። "ጭቃ ቀጂ" የምለው እኔ ነኝ። እሱ "ናሙና ወሳጅ" ነው የሚለው።

ጭቃው ግን ተራ ጭቃ አይደለም። ደማም ከተማ፣ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ በሚሉት ሰፈር ውስጥ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ አንድ የፍሳሽ ቦይ አለ። ድሮ በአጠገቡ የፀረ ተባይ መድኃኒት መጋዘን ነበረ። መጋዘኑ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መርዙ ግን አልሄደም። ውሃው ይፈስሳል፣ መርዙ ከሥር ደለሉ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ እየቀነሰ ይሁን እየባሰ ለማወቅ በየወሩ ከስድስት ቦታ ደለል ተቀድቶ ይመረመራል። ነጥብ አንድ ከመጋዘኑ በላይ ያለ ንጹህ ቦታ ነው፤ ማነጻጸሪያ ይሉታል። የሌሎቹ ክፋት የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው።

እኔ ነድቼ አደርሳለሁ። ሰይድ እስከ ጭኑ የሚደርስ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ጓንቱን አድርጎ፣ በብረት ማንኪያ ደለሉን ዝቆ በብርጭቆ ጠርሙስ ያደርገዋል፤ ጠርሙሱ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የሚያናድደኝ አንድ ባዶ ጠርሙስ ነው። ምንም ሳይጨመርበት ከእኛ ጋር ሄዶ፣ ከእኛ ጋር ተመልሶ፣ ከጭቃዎቹ እኩል ይመረመራል። ባዶ ጠርሙስ ለሽርሽር መውሰድ ምን ይባላል? ጉራ ነዋ! ዶክተሩ ግን ሰይድን ባየው ቁጥር "ያ ሙሃንዲስ" እያለ ኢንጂነር ያደርገዋል። እኔን "ያ ሰዋቅ" ነው የሚለኝ። ሰዋቅ ሹፌር ማለት ነው። አልተሳሳተም፣ ሹፌር ነኝ፤ አለመሳሳቱ ነው ያቃጠለኝ።

በጭቃ መቅናት ምን የሚሉት ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ዶክተሩ ከሁለታችን የአንዳችን ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ላይ ያለው ሙያ ወደ ቴክኒሻን እንደሚቀየር ነግሮን ነበር። በሹፌር ኢቃማ ሚስት ማምጣት አይቻልም፤ በቴክኒሻን ግን ተስፋ አለ። ሚስቴ ዘሀራ ኮምቦልቻ ተቀምጣ አራት ዓመት ጠብቃኛለች። ሰይድ እኮ አላገባም! ያላገባ ሰው ቴክኒሻን ሆኖ ማንን ሊያመጣ ነው? ትራሱን? ዘሀራም ብትሆን አታግዘኝም፤ በደወልኩ ቁጥር ሰይድ እንዲህ አደረገ አሉ፣ ሰይድ እንዲያ አደረገ አሉ እያለች ከእሱ ጋር ታወዳድረኛለች።

አላህ ሲረዳኝ ሰይድ ለዑምራ መካ ሄደ። የዚያን ወር ናሙና አንተ ውሰድ ተባልኩ። ሰይድ ከመሄዱ በፊት፣ ጠርሙሶቹን ከላቦራቶሪው በዕለቱ ውሰድ፣ ቦታው ሳትደርስ ክዳናቸውን እንዳትከፍት፣ ባዶውንም እንዳትረሳ፣ ወላሂ አደራ አለኝ። አዛዥ ያደረገህ ማነው አልኩት በሆዴ። በአፌ ያልኩት "ማፊ ሙሽኪላ"፣ ችግር የለም፣ ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሰባቱንም ጠርሙስ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ዓላማዬ ከሰይድ መብለጥ ነበር። የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ የእኔ ያምራል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን እንደገና አጠብኳቸው፣ ቁጥራቸውን አሳምሬ ጻፍኩላቸው፣ እንዲደርቁም ክዳናቸውን ከፍቼ ከአልጋዬ ሥር ደረደርኳቸው።

ዓርብ ደግሞ ቱቅባ ውስጥ የበረሮ ቀን ነው። ከጁምዓ በፊት ፍራሹን በረንዳ ላይ አውጥተን ፍሊት እንነፋለን፤ እኛ ዝም ብንል ጎረቤት ሲነፋ የእሱ በረሮ እኛ ዘንድ ይሰደዳል። ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። ሙሉውን ቆርቆሮ ከእኔ አልጋ ሥር ብነፋውና የሰይድን ባልነካው በረሮው የት ይሄዳል? ወደ ሰይድ! ከዑምራ ሲመለስ በክብር ይቀበሉታላ። ቆርቆሮው እስኪያልቅ ነፋሁት። ጠርሙሶቹስ? እነሱማ ብርጭቆ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ? ውጫቸውን በጨርቅ ወልውዬ ክዳናቸውን ገጠምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦዩ ውስጥ ገባሁ። የሰይድ ቦት ጫማ ጠበበኝ፤ ከሰይድ ነገር ያላስቀናኝ እግሩ ብቻ ነው። ስድስቱንም ነጥብ ቀድቼ፣ ባዶውንም ጠርሙስ አንሸራሽሬ ተመለስኩ። ዶክተሩ ጽሕፈቴን አይቶ ማሻአላህ አለኝ። በዚያው ቀን ለዘሀራ ደውዬ ልብስሽን ማጣጠፍ ጀምሪ አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ዶክተሩ አስጠራኝ። ስድስቱም ነጥብ በመርዝ ተጥለቅልቋል አለኝ፤ ማነጻጸሪያው ነጥብ አንድ ሳይቀር! ፋብሪካዎቹን የሚከስ ሪፖርት ጽፎ ሊልክ ሲል የባዶውን ጠርሙስ ውጤት አየ። ከሰባቱ አንደኛ የወጣው እሱ ነበር። ጭቃ ያልነካው ጠርሙስ! መርዙም የመጋዘኑ ሳይሆን በየሱቁ የሚሸጠው የበረሮ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ለካ ያ ባዶ ጠርሙስ ከእኛ ጋር የሚዞረው፣ በመንገድና በሰው እጅ የሚገባ ቆሻሻ ካለ ሊመሰክር ኖሯል። መሰከረብኝ። ጠርሙሶቹ የት ነበር ያደሩት ሲለኝ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ የበረሮውን ተንኮል ሳይቀር። ዶክተሩም፣ የምትተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነው እንዴ? አለኝ። አዎ አልኩት።

በማግስቱ ሰይድ ራሱን ተላጭቶ፣ ዘምዘሙን ይዞ ተመለሰ። ዶክተሩም ከክፍላችን ናሙና እንዲወስድ አዘዘው። ማን ነድቶ ወሰደው? ሰዋቁ ነዋ፤ ወደ ገዛ ቤቱ! ሰይድ ጓንቱን አድርጎ፣ ተንበርክኮ፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን አቧራ በአንድ ጠርሙስ፣ ከራሱ አልጋ ሥር ያለውን በሌላ ጠርሙስ ጠረገ። ጭራሽ አልተቆጣም። "አብሽር ሙሄ፣ በል ዘምዘም ጠጣ" አለኝ። አንዴ እንኳ ቢሰድበኝ ቅናቴ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር።

ቴክኒሻንነቱ ለሰይድ ሆነ። ለዘሀራ ስነግራት ያጣጠፈችው ልብስ ትዝ አለኝ። እሷም፣ ምናለ እንደ ሰይድ ብትጠነቀቅ አለችኝ።

የክፍላችን ውጤት አሁን ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ነጥብ ሰባት፣ የእኔ አልጋ፦ ክፉኛ የተበከለ። ነጥብ ስምንት፣ የሰይድ አልጋ፦ ንጹህ። እስኪጠራ ድረስ በየወሩ ይመረመራል ተብሏል። ዘሀራ አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ስትለኝ የኖረችው ነገር ማኅተም ተመትቶበት በየጠዋቱ ይጠብቀኛል፤ ከሰይድ አልጋ ትይዩ "ማነጻጸሪያ" ተብሎ ተጽፏል።