የጎፈሬ ጉፍታ

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ደጅህ ያደረን ፍጡር ውሃ ሳታጠጣ አታባርር» ማለት ይወድ ነበር። ውሃውን ከጠጣ በኋላ እንዴት እንደሚባረር ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። ሞክሩት እስቲ! የጠጣ ነገር አይሄድም። ጎፈሬንም ያገኘሁት እንደዚሁ ነው። መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ጓዙን ጭኖ ከአሰበ ተፈሪ ሲወጣ ውሻው ተረፈ፤ ደጄ አደረ፣ አጠጣሁት፣ ቀረ። ሰው በድንገት በሚታጣበት በዚያ በደርግ ዘመን የተረፈ ውሻ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጎፈሬ ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑን ጋርዶታል፤ የትኛው ጫፍ ራሱ እንደሆነ የምታውቁት ሲጮህ ነው። ፍየሎቼን ከጅብ በመጠበቅ እንከን አልነበረውም፤ ጅብን በአፍንጫው ያውቀዋል። ችግሩ ሰው ነው። ሰው ሳይታየው አጠገቡ ሲደርስ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ይናከሳል። ያኔ ሳያይ የሚናከስ ውሻ ብቻ አልነበረም። ተዉት።

አንድ ቀን የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ሱሪ ያዘ። ሱሪውን ብቻ፤ ሥጋውን አልነካም።

«ኦቦ ሙሜ፣ ይሄ አውሬ አንድ ሰው ቢደግም መርዝ ይበላል። ነግሬሃለሁ!» አለኝ።

«ሳያይህ ነው እኮ።»

«እኔን የማያይ በዚህ ቀበሌ አይኖርም!»

ነገሩ ይኸው ነው። የጎፈሬ ነፍስ ግንባሩ ፀጉር ላይ ተንጠለጠለች። ቁረጠዋ ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ፤ የመቀስ ድምፅ ሲሰማ እኔንም አያውቀኝም። የቀረው ፀጉሩን ወደ ላይ ሰብስቦ ማሰር ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። እኔ ሰጋጅ ነኝ። ቁርአን ከመቅራት ያለፈ ትምህርት ባይኖረኝም ይህችን አውቃለሁ፤ እርጥብ ውሻ የነካ እጁን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ጊዜው ክረምት ነው፤ ጎፈሬ የሚደርቅበት ሰዓት የለም። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ከሩቅ በአህያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የምፈልገው የሚያምር ማሰሪያ ሳይሆን የሚሰነብት ነው። በተፈታ ቁጥር ሰባት ውሃ! መስጊድ አብረውኝ የሚሰግዱት «ወይ ውሻውን ምረጥ ወይ እኛን» አሉኝ። አልመርጥም። ፍየል የሚጠብቅ ውሻ አልተከለከለም፤ ታጥቤ እመጣለሁ፤ ከጎኔ መቆም የከበደው ራቅ ብሎ ይቁም። አላህ ሁለታችንንም ያየናል።

ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ እኛ ከተማ የከበረ ነጋዴ ነው። የፀጉር ማሰሪያ ስለው ጥብጣቡን ዘረጋልኝና «ለየትኛዋ ልጅህ ነው?» አለ። መዋሸት አልችልም። «ለውሻዬ» አልኩት። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

«አቦ፣ ቀዩን ውሰድለት፤ ይደምቃል!» አለ አንድ ጫት ነጋዴ።

«ኩልም ጨምርለት!» አለ ሌላው።

«ኩሉን አንተ ተኳል። እሱ የሚፈልገው ለመታየት አይደለም፣ ለማየት ነው» ብዬ ገዝቼ ወጣሁ።

ጥብጣቡ ለስላሳ ነው፤ ቀትር ሳይደርስ ተንሸራትቶ ወደቀ። ሰባት ውሃ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አሰርኩለት፤ ግንባሩን ወጥሮት ጎፈሬ ሁሉ ነገር እንደገረመው ሰው ዋለና ማታ ግድግዳ ላይ ተፈትጎ ጣለው። ሰባት ውሃ። የጫት እስር የሚታሰርበትን ልጥ አመጣሁ። እሱስ ጥሩ ነበር፤ ግን ፍየሎቹ ከራሱ ላይ በሉት። ከጅብ የሚጠብቃቸው ፍየሎች! ሰባት ውሃ።

ባለቤቴ ሐሊማ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ተነሳች። ሳጥኗን ከፍታ አሮጌ ጉፍታዋን አወጣች፤ የእኛ አገር ሴት ስታገባ ፀጉሯን የምትሰበስብበት ጨርቅ ነው። ጫፉን ቀደደችና «ይሄ አይንሸራተትም፣ አያምም። ስንት ዘመን አስሬዋለሁ» አለች። አሰርኩት። የጎፈሬ ዓይን ወጣ። ቡናማ ነው፤ ለካ እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር። ጉፍታው አደረ፣ ሰነበተ። ሰው በጎኑ ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ይተኛ ጀመር። መናከስ ቀረ።

ሰፈሩ ግን አበደ። ያገባች ሴት ምልክት ውሻ ራስ ላይ! ጎረቤታችን ፋጡማ ደጅ ቆማ «ሐሊማ፣ ጎፈሬን ለማን ዳራችሁት?» ብላ ጮኸች።

«ጉፍታው የእናቴ ስጦታ ነው፤ ለሚያይ ሰጠሁት!» አለች ሐሊማ። «ያንቺ ባል አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ አይቶሽ ያውቃል?»

ፋጡማ ቤቷ ገባች። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ፍታው አሉኝ። አልፈታም አልኳቸው። ክብር ጨርቁ ላይ ከሆነ፣ አሮጌ ጉፍታ ቤት ሲወለወልበት የት ነበራችሁ? ተቆጥተው ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ሱሪውን አልረሳም። ጎፈሬ እስኪደግም እንኳ አልጠበቀም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት ስመለስ አይቼው የማላውቅ ሰው ደጄ ቆሟል። የያዘው ፌስታል ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ገባኝ፤ ሊቀመንበሩ የዛተው መርዝ ነው። በሰውየውና በቤቱ መሃል ገብቼ ቆምኩ። «መጀመሪያ እኔን ታልፋለህ፤ እኔ ደግሞ አላሳልፍም» አልኩት። እሱ ግን የሚያየው ከጎኔ ያለውን ነው። ጎፈሬ ወጥቶ አጠገቤ ቆሟል። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ጉፍታውን እንዳሰረ ሰውየውን ፊት ለፊት ያየዋል። ሰውየው ፌስታሉን ከፈት አደረገ፣ መልሶ ቋጠረው። ያለኝ ቃል በቃል ይህ ነው፦

«እኔ የታዘዝኩት ዓይኑ ለማይታይ ውሻ ነው፤ ይሄ እኮ እያየኝ ነው።»