ለጎረምሳ ክንድ የተላከ ክር

ሰው ዕቃ ሲገዛ ለራሱ የሚገዛ ይመስላችኋል? እኔስ አይመስለኝም። መሆን ለሚመኘው ለሌላ ሰውዬ ነው የሚገዛው። ጎረቤቴ ቦርጩ ከቀበቶው አልፎ ተዘርግቶ ሳለ ጠባብ ሱሪ ይዞ ይገባና «ልከሳ ነው» ይላል። ሱሪው ይኸው ስንት ክረምት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ የሚከሳውን ሰውዬ ይጠብቃል። እኔም ብሆን መደርደሪያዬ ላይ የተሰለፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አሉኝ፤ የእነሱን ነገር ለዛሬ ተዉት። ሱሪና መጽሐፍ ቢበዛ ያሳፍራሉ እንጂ ሰው አይጎዱም። እኔ የማወጋችሁ ስለ ራኬት ክር ነው።

አዎን፣ የሜዳ ቴኒስ ራኬት ክር። ወረታ ላይ! ሳቃችሁን ጨርሱና እቀጥላለሁ። ከሩዝ መፈልፈያው ግቢ ሰፊ የሩዝ ማስጫ ሲሚንቶ አለ። ሩዝ ካልተሰጣበት ባዶውን ስለሚውል መሥመሩን በኖራ አሰመርንበት። መረቡን ከጣና ዓሣ አጥማጆች ለመንን፤ ዝናብ ሲነካው እስከ ዛሬ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ደመላሽ እዚያ እንገናኛለን። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ደመላሽ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ከሰለቸው ቆይቷል። በፎገራ ሜዳ ላም ምጥ ሲጠናባት የሚጠራው እሱ ነው። ቀኝ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የተጣመመውን ጥጃ በጣቱ እየዳሰሰ አቃንቶ ያወጣዋል። በዚያ እጅ ምክንያት ስንት ቤት ወተት እንደጠጣ እግዜር ይወቀው።

እኔ የምጫወተው በለስላሳ ናይለን ክር ነው። ኳሱን ራሱ አስፈንጥሮ ስለሚልክልኝ ብዙ አልደክምም። ደመላሽ ራኬቴን «የአሮጊት ወንፊት» ይለዋል። እሱ ግን መቺ ነው፤ በመታ ቁጥር ክር ይበጥሳል። ቢቸግረው አዲስ አበባ ቴኒስ ለሚያሠለጥን የአጎቱ ልጅ ደወለና የማይበጠስ ክር ላክልኝ አለ። ተላከለት። ፖሊስተር።

ስለ ክሩ እውነቱን ልናገር፤ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ፖሊስተር ደረቅ ነው፣ እንደ ናይለን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጉልበቱን ከእናንተ ይፈልጋል እንጂ አይሰጣችሁም። ክንዱ የጠናና ከትከሻው ጀምሮ የሚወነጭፍ ሰው ግን ከነፍሱ ነው የሚወደው። ባለ በሌለ ኃይሉ መትቶ እንኳ ኳሱ ከመሥመር አይወጣለትም። እየሾረ መረቡን ያልፍና ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ማዶ ያለው ምስኪን፣ ማለትም እኔ፣ አየር ይመታል። ነገር ግን ይህ ክር ሳይበጠስ ይሞታል። ጥቂት ቀን እንደተጫወታችሁበት ያለችው ትንሽ መለጠጥ ታልቅና የእያንዳንዱ ኳስ ምት በቀጥታ ወደ ክንዳችሁ መታጠፊያ ይመጣል። ለዚህ ነው ላላ ተደርጎ የሚወጠረው፤ ሲሞትም ተቆርጦ የሚጣለው። የአጎቱ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ነግሮታል። «ለጎረምሳ ክንድ የተሠራ ነው፤ አንተ እንዲያውም ባትሞክረው። የግድ ካልክ ግን ላላ አስደርገው» ብሎታል። ሃምሳን የተጠጋውን ደመላሽን የማረከችው «ጎረምሳ» የምትለዋ ቃል ናት።

ወረታ ላይ ራኬት የሚወጥር ማሽን የለም፤ መርጌታ ስሜነህ ግን አሉ። በገና ደርዳሪ ናቸው፣ የበገናቸውንም አውታር ከበግ አንጀት ራሳቸው ያበጁታል። ክሩን በእንጨት ጠቅልለው ይስቡና ቀዳዳውን በወስፌ ቀርቅረው ይይዙታል፤ ከዚያ በጣታቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ድምፁ ካላማራቸው እንደገና ነው። ፖሊስተሩንም እንዲሁ ወጠሩት። በማግስቱ መታ ቢያደርጉት ድምፁ ወርዷል። የበግ አንጀት ሲረግብ ይጠበቃል፣ ወጉ ነው፤ እሳቸውም ጠበቅ አደረጉት። አደረና ረገበ፤ ደግመው አጠበቁት። «ይህ አውታር ሰነፍ ነው» እያሉ፣ የራኬቱ እንጨት እስኪያቃስት ድረስ ልክ አስገቡት።

በኋላ «መርጌታ፣ ላላ ይሁን ብሎ አልነገረዎትም እንዴ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ኧረ ነግሮኛል» አሉ ቆጣ ብለው። «ታዲያ የላላ አውታር ከእኔ እጅ ይወጣል?»

ለበገና ቢሆን ፍጹም ትክክል ነበሩ። በበገና ግን ኳስ አይመታበትም።

ደመላሽ መጀመሪያ ሰሞን አንበሳ ሆነ። እኔን መሳቂያ አደረገኝ። ከዚያ ኳስ በመታ ቁጥር ፊቱን ማጨማደድ ጀመረ። ብርጭቆ በግራው ሲያነሳ አየሁትና «ክንድህን ምን ሆነህ ነው?» ብለው «ብርድ ነው» አለኝ። ነሐሴ አልፎ መስከረም ጠባ፤ ብርዱ አልለቀቀውም። ተናደድኩበት። «ያንን ሳንቃ ጣለው!» አልኩት። «አንተ ቀንተህ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀንቼም ነበር።

አንድ ቅዳሜ በጨዋታ መሐል ራኬቱ ከእጁ ወደቀ። አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ስልኩ የጮኸው። እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ርብ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት፣ ከአንዲት ላም በቀር ሌላ ከብት የሌላቸው። ላሚቱ ከጠዋት ጀምሮ ታምጣለች፤ ሁለት እግር ወጥቷል፣ ጭንቅላቱ ግን የለም። ሌላው ባለሙያ ሐሙሲት ነው ያለው። ቢደወልለት መንገዱ ውኃ እንደሆነበትና ሳይመሽ እንደማይደርስ ተናገረ። ላሚቱ እስከዚያ አትቆይም። ደመላሽ ሞተሩ ላይ ወጣና ነዳጅ መስጫውን ሊጠመዝዝ ቢሞክር ክንዱ አልታዘዝ አለው። ወረደና ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ነዳሁ። በጭቃው ውስጥ ስንንሸራተት ትንፋሹን ጀርባዬ ላይ እሰማዋለሁ፤ እኔን ያስፈራኝ ግን ጭቃው አልነበረም።

ስንደርስ ላሚቱ ተኝታለች፤ ዓይኗ ፈጧል። እትዬ ጥሩወርቅ «ተመስገን፣ መጣህልኝ ልጄ!» ብለው መሬት ሳሙ። ደመላሽ እጁን ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ተንበርክኮ ቀኙን አስገባ። ላሚቱ አማጠች። የሰው ፊት አመድ ሲመስል ያን ቀን አየሁ። እጁን አወጣው። በግራው ሞከረ፤ እሱም እንዳልለመደ ሰው እጅ ወዲያ ወዲህ አለበትና ተወው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ግባ» አለኝ።

«እኔ? አብደሃል እንዴ! እኔ ጥጃ ከውጭ እንኳ...»

«እኔ እነግርሃለሁ። ሸሚዝህን አውልቅ።»

የላም ምጥ ክንድ ሲጨብጥ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ አጥንቴ የሚደቅ መስሎኝ ነበር። ደመላሽ ጆሮዬ ሥር ሆኖ «ስታምጥ ቁም! አትጋፋት! ስትተው ግፋ፣ ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሰው» ይለኛል። አንገት አገኘሁ፤ ወደ ጎን ታጥፏል። ጆሮ አገኘሁ። «ዓይን መሰለኝ» አልኩ። «ቀስ! ወደ ታች ውረድ፣ አፉን ፈልግ» አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ማርያምን ይጠራሉ። ላሚቱ ማማጥ እየተወች ነበር፤ ማማጥ ስትተው መልካም አለመሆኑን እኔም ገባኝ። ጣቴ አፉ ውስጥ ገባ። ቀዝቃዛ ነበር። «ደመላሽ፣ ሞቷል» ልለው አፌን ስከፍት አንድ ነገር ጣቴን ያዘው። ላላ አለ፤ ደግሞ ያዘው።

«ጣቴን ጠባኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«በመንጋጋው ያዘውና ወደ አንተ አዙረው! አሁን! አትልቀቅ!»

አዞርኩት። ጭንቅላቱ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ገመድና ጎረቤት ጨረሱት። ጥጃው ጭቃው ላይ ተዘረገፈና አስነጠሰ። እትዬ ጥሩወርቅ እልል አሉ፤ እኔ ያለ ኀፍረት አለቀስኩ።

ግርግሩ ሲበርድ እትዬ ጥሩወርቅ ውኃ በጆግ ይዘው መጥተው እጄን እስከ ትከሻዬ አጠቡኝ። ከዚያ ወደ ደመላሽ ዞር አሉ። ግድግዳ ተደግፎ ቀኝ ክንዱን በግራው ታቅፎ ተቀምጧል።

«አንተስ ና፣ ልጠብህ።»

«እኔ ምን ሠራሁ ብለው ነው፣ እትዬ?»

«ምን ወጋህ? በሬ ነው?»

ቢዋሽ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅበትም ነበር። አንገቱን ደፍቶ «ኳስ ነው» አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። አጠገቡ ተቀምጠው ያንን ምንም ያልሠራ እጅ ጣት በጣት አጠቡት። ከዚያ ለጋ ቅቤ አምጥተው ክርኑን እያሹ፣ «ስማ ልጄ፣ ይህ እጅ የእኛ ነው» አሉት። «ለኳስህ ሌላ እጅ ፈልግለት።»

በማግስቱ ደመላሽ ፖሊስተሩን በመቀስ ቆራርጦ ጣለው። መርጌታ በለስላሳ ናይለን ወጠሩለት፤ ስለ «አሮጊት ወንፊት» ዳግመኛ አላነሳም። ክንዱ ብዙ ቆይቶ ተሻለው፣ ወደ ላሞቹም ተመለሰ፤ የእትዬ ጥሩወርቅን ቃል ግን አላፈረሰም። ቴኒስ የሚጫወተው በግራው ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ኳሱ አጥሩን ዘሎ የሰው ሩዝ ማሳ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እኔም ዓለሜን አየሁ፣ በየሳምንቱ ረታሁት።

ባለፈው ቅዳሜ በግራው አሸነፈኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ለደመላሽ ሳልነግር፣ አዲስ አበባ ላለው ለአጎቱ ልጅ ደወልኩ። «ያ ደረቁ ክር» አልኩት፣ «ይኖርሃል?»