በሰፋፊ ጎማ የሄደ ሽምግልና

ወንድ ልጅ ሚስት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያሳምረው ራሱን አይደለም፤ የሚሳፈርበትን ነው። አያቶቻችን በቅሏቸውን በጌጠኛ የኮርቻ ልብስ፣ በመረሻት፣ ሲያንቆጠቁጡ የራሳቸውን ጫማ ይረሱ ነበር። አባቶቻችን የብስክሌታቸውን መሪ በፕላስቲክ አበባ ጠምጥመው በልጅቱ ደጅ ይመላለሱ ነበር። እኛ ደግሞ ዘመን ደርሶልን መኪና ላይ ወጣን። ቆይ፣ ልጅቱ የምታገባው ጎማውን ነው እንዴ? አይደለም። ይህን ለአፍቃሪ ማን ያስረዳዋል? እኔን ያስረዱኝ ብዙዎች ናቸው፤ ያስረዱኝ ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የአምፖልና የሽቦ መሸጫ ሱቅ አለችኝ። ከሱቋ ሌላ ያለችኝ ንብረት አንዲት አሮጌ ቪትዝ መኪና ናት። ከእኔ በፊት የነዳት የአዲስ አበባ ጎረምሳ ሆዷ መሬት ሊልስ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጓት፣ የጭስ ማውጫዋን ቀይሮ፣ ድምፅዋን ወፍጮ ቤት አስመስሎ ነው የሸጠልኝ። ከሱቋም ከመኪናዋም በላይ የምወዳት ደግሞ እመቤት ናት። ዓለም ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ የቤተሰቧ ቤት ግን ቀየት ከሚባለው መንደር ዳር ነው። አባቷ ጋሽ ደምሴ ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ፣ አንዴ የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ናቸው። እሺ ካሉ እሺ ነው። እምቢ ካሉ ጳጳስ ቢልኩባቸውም እምቢ ነው።

ለፋሲካ እመቤትን እስከ ደጃቸው ያደረስኳት ጊዜ ጋሽ ደምሴ እኔን አላዩኝም፤ ያዩት መኪናዋን ነው። ገበያ ላይ በግ እንደሚገዛ ሰው ዞሯት፣ ጎንበስ አሉ፣ ጎማዋን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያም ለልጃቸው፣ «ይቺ ቀጫጫ እግር ያላት ነገር እንኳን አንቺን አንድ ኩንታል ገብስ አትሸከምም» አሏት። እኔ እንዳልሰማሁ ሆኜ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ባለ ጭነት መኪና መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ መጣ። ባለ ጭነት መኪና! የሱን ጎማ ስፋት እስቲ አስቡት።

ደብረ ብርሃን ወርጄ መኪና የሚያሳምር ሰው አገኘሁ። የእኔን ቀጫጭን ጎማዎች ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ፤ እንደ በሽተኛ አዘነላቸው። ከአንድ ትልቅ መኪና የወለቁ ሰፋፊ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አወጣልኝ። ቸርኬው ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚገፋ ዓይነት ነው። ሲገጠም ጎማው ጭቃ ከሚከላከለው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው፣ አልፎ አራት ጣት ያህል ወጣ። መሪውን ሲያዞረው ጎማው ቆርቆሮውን ፋቀው። ሰውዬው አልደነገጠም፤ መዶሻ አንስቶ ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ አጠፈው። «አሁን ገና መኪና ሆነች!» አለ። እጁን እየታጠበ ደግሞ እንደ ዋዛ፣ በፊት ጎማዋ የምትጎተት ስለሆነች መሪው ትንሽ ይጎትታል አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው።

ትንሽ ይጎትታል ያለው ውሸቱን ነው። ነዳጅ ስሰጣት ወደ ግራ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ። እስከ መሐል ሜዳ ድረስ እኔ ነዳኋት ብል ሐሰት ነው፤ ተደራድረን ደረስን። የንስሐ አባቴ መምሬ ወልደሰንበት ገና እንዳዩዋት በስመ አብ አሉና፣ «ምነው እግሯን አንፈራጠጠች? ልትወልድ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን ጋሽ ደምሴ እነዚያን ጎማዎች በጣታቸው ጫን ጫን ሲያደርጉ ብቻ ነበር የሚታየኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ባለ ጭነት መኪናው ሳይቀድመኝ ብዬ፣ መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽማግሌዎቼን ይዤ ማለዳ ተነሣሁ። አንደኛው መምሬ ናቸው፤ ሰሞነኛ ስላልነበሩ የቅዳሴ ተራ አልያዛቸውም። ሁለተኛው አጎቴ ጋሽ ተክሌ ነበሩ። ሦስተኛው ጆሯቸው ትንሽ የሚያስቸግራቸው ጡረተኛው መምህር አቶ ማሞ ናቸው። ሦስቱም የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። የመምሬ ጥምጣም ደግሞ ዓይን ያጠፋ ነበር። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ግን ያችን መሪ ከእኔ በቀር ማን ይይዛታል? ስለዚህ ከቤቱ ራቅ ብዬ ባሕር ዛፍ ሥር ተደብቄ እንድጠብቅ ተስማማን።

ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ከመንደሩ በታች ያለው ረባዳ ላይ ስንደርስ የመኪናዋ ሆድ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፤ እኛ የለንበትም። ሽማግሌዎቹ ወርደው ለመግፋት አመነቱ፤ ለልብሳቸው ፈርተው ነው። እዚህ ላይ ምሁር ሆንኩ። ጭቃ የሚረጨው የሚዞር ጎማ ነው፤ የዚህች መኪና የሚዞሩት የፊቶቹ ናቸው፤ ስለዚህ ከኋላና ከጎን ሆናችሁ ብትገፉ ጠብታም አይነካችሁም አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት አቶ ማሞ ሳይቀሩ ትክክል ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መምሬ በቀኝ፣ ጋሽ ተክሌ በግራ፣ አቶ ማሞ ከኋላ ማዕዘኑ ላይ ቆሙ። ነዳጁን ረገጥኩት።

ወገኖቼ፣ የተማርኩት ለቀጭን ጎማ ነበር። ጎማ ከፓራፋንጎ ውጭ ከወጣ ጭቃውን ምን ያቆመዋል? ምንም! የረባዳው ጭቃ በሁለቱም ጎን እንደ ወንፊት እህል እየተበተነ ወደ ኋላ ሄደ። መኪናዋ ዘልላ ወጣች። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ሦስት ሽማግሌ የለም። ሦስት የጭቃ ሐውልት ቆሟል፤ ዓይናቸው ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል። ወርጄ በመሐረቤ ልጠርጋቸው ስሞክር ይብሱን ለቀለቅኋቸው። እንመለስ ብል ጋሽ ተክሌ፣ ልጅ ለመጠየቅ የወጣ ሽማግሌ ከመንገድ ከተመለሰ ገደ ቢስ ነው ብለው ተቆጡ። መምሬ መስቀላቸውን ከጭቃ አላቀው ወደፊት መራመድ ጀመሩ። ሦስቱም እንዳይንሸራተቱ አንገታቸውን ደፍተው፣ በእኔ ተናደው ዝም ብለው ሄዱ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ማለዳ፣ ቄስ አስቀድመው፣ ዝም ብለው የሚመጡ ሽማግሌዎች ወይ ልጅ ሊጠይቁ ነው፣ ወይ መርዶ ሊያረዱ ነው። የሚለዩት በልብሳቸው ነው። ልጅ ጠያቂ ነጭ በነጭ ሆኖ ይመጣል። አፈር ለብሶ የሚመጣስ? እሱ ከቀብር መልስ ነው!

የመጀመሪያዋ ጎረቤት ከአጥሯ ሆና አየቻቸውና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው። ሁለተኛዋም ተከተለች። ጋሽ ደምሴ ደጅ ሲደርሱ ከኋላቸው ግማሹ መንደር ነበር። ጋሽ ደምሴ ወጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሏቸው መምሬ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ቀጠሉና፣ «የመጣነው በልጅዎ በእመቤት ጉዳይ…» ከማለታቸው እናቷ እትዬ አሰገደች እሪ ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

እኔ መኪናዋን አቁሜ ባሕር ዛፉ ሥር ሆኜ ዋይታውን ሰማሁ። መጀመሪያ ጋሽ ደምሴ መምሬን በዱላ የመቷቸው መሰለኝ። ቀጥሎ «እመቤቴን! እመቤቴን!» የሚል ሰማሁ። ማታ በስልክ አውርተናል፣ ስቃለች፣ ደኅና እደር ብላኛለች፤ ይህን ሁሉ ረሳሁት። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ደጁ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን ስንሰቀሰቅ ነው ራሴን ያገኘሁት። እስከዚያ ድረስ ሽማግሌዎቹ፣ «ኧረ አልሞተችም! ስሙን!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እኔን ሲያዩ ግን ጩኸታቸው ቀጥ አለ። ለካ መምሬ እኔ እዚያ ሆኜ በስልክ መርዶ የተረዳሁ መስሏቸዋል! መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠር? አቶ ማሞም የሞተው ማን እንደሆነ ከጎናቸው ያለውን ሰው እየጠየቁ ያለቅሱ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ምነው ለዚህ ለወደድሽው ልጅ ድሬሽ ቢሆን! የመኪና ጎማ አይቼ ሰው የናቅሁ እኔ ልሙት!» እያሉ አለቀሱ። ያን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ሰዎች ሲነግሩኝ ነው። በሰዓቱ ብሰማውስ ምን ያደርግልኝ ነበር? እመቤት የሌለችበት እሺታ!

በዚህ መሐል የእትዬ አሰገደች ስልክ ጮኸ። አንዲት ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች አነሣችው። ከወዲያ ያለችው ሴት ዋይታውን ሰምታ፣ ማን ሞቶ ነው ብላ በድንጋጤ ጠየቀቻት። ጎረቤቲቱም፣ «እመቤት ናታ፣ የኔ እናት!» አለቻት። ከወዲያ በኩል፣ «እመቤትማ እኔ ነኝ» የሚል መጣ። ስልኩ ከሴትዮዋ እጅ ወድቆ ተንከባለለ። እኔ ተንደርድሬ አነሣሁትና ድምፅዋን ሰማሁ። እመቤት ናት! ሽማግሌዎቹ መድረሳቸውን በዘዴ ከእናቷ ለማጣራት ነበር የደወለችው። የመጀመሪያውን ለቅሶ ያለቀስኩት በድንጋጤ ነው፤ ሁለተኛውን ግን በደስታ አለቀስኩት።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጓሮ ውስጥ ለለቀስተኛው የተጣደው ንፍሮ ብቻ ይንተከተካል። መምሬ ጭቃው ፊታቸው ላይ እንደደረቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ጉዳያችን እንግዲህ ይኸው ነበር፤ መልስዎንም መንደሩ ሁሉ ሰምቶልናል አሉ። እሳቸው ሙት የማስነሣት ያህል የኮሩበት ንግግር ነው። ጋሽ ደምሴ አንዴ ጎረቤቱን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ የሚስታቸውን የረጠበ ፊት አዩ። ቀስ ብለው እስከ ባሕር ዛፉ ሄዱ። መኪናዋን ዞሯት። ከፓራፋንጎው የወጣውን ጎማ ጫን ጫን አደረጉት፤ ጭቃውን በጣታቸው ጠርገው አዩት። ተመልሰው መጡና ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው። በእኛ አገር ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው። ንፍሮው ቀረበ። የእሺታውን ድግስ በለቅሶ ንፍሮ የበላ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይንገረኝ።

በልተን ስንጨርስ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አራግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ። «በዚያች መኪና ግን አትወስዳትም። ሁለተኛ ለማልቀስ አቅም የለኝም።»