የዘመናዊው ጀግና የመቆፈር ተራ

በእኛ አገር ጀግና ለመባል ቢያንስ ቢያንስ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። አንበሳ ካልገደልክ ባይባልም፣ ጎርፍ የወሰደው በሬ ማውጣትም ሆነ የተጣላ ማስታረቅ፣ ብቻ አንድ ለዓይን የሚታይ ነገር ይፈለጋል። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፈረንጅ ልቦለድ ግን ይህን ሁሉ ድካም አስቀርቶታል። እዚያ ዘመናዊ ጀግና ማለት ኮቱን ደርቦ ከመንገድ መንገድ የሚዞር፣ ማንንም ሰላም የማይል፣ የሚወዳትን ሴት እንደሚወዳት ሳይነግራት የሚያረጅ፣ ምንም ሳይሠራ የሚደክመው ሰው ነው። በአምባሰል ዜማ የሚያንጎራጉር የኛ አፍቃሪ እንኳ ልቡ ሲሰበር አገር እንዲሰማለት አድርጎ ነው፤ የፈረንጁ ለራሱም የሚነግረው በሹክሹክታ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ብናገኘው ወይ ጠበል ወይ ሼህ ዘንድ እንወስደዋለን እንጂ መጽሐፍ አንጽፍለትም።

እኔ ግን ልጽፍለት ተነሣሁ። ሥራዬ እዚሁ ሐይቅ ከተማ አማርኛ ማስተማር ነው፤ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ በንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሦስት አገር ጀግኖችን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ይበልጥ ብቸኛ እንደሆነ ሳመዛዝን ከረምኩ። ለዚህ ዲግሪ ይሰጣል ስላት እናቴ እስካሁን አላመነችኝም። ብቸኝነትን በሰው መሀል ሆኖ ማጥናት አይቻልም ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን አጥፍቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ መጽሐፌን ይዤ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። በዚያ ፀሐይ ኮት ለምን ትሉኝ ይሆናል። ዘመናዊ ጀግና በሸሚዝ ይተክዛል እንዴ?

ያን ዕለት ጎረቤታችን አያ ይመር ሞቱ።

ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አላስረዳም። ለሌላው ግን፣ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ይቀብራል። በእኛ ቅሬ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ የመቆፈር ተራ አለው። ተራው ደርሶ ያለ ምክንያት የቀረ ከነቤተሰቡ ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ቤት ሬሳ ሲወጣ ማንም አይደርስም። ምክንያት ተብለው የሚቆጠሩት ሦስት ናቸው፤ መታመም፣ ሩቅ አገር መሄድ፣ ሌላ ለቅሶ ላይ መሆን። መተከዝ ደንቡ ውስጥ የለም።

ተራው የእኔ ነበር። ጥሩምባ ተነፋ፤ አልሰማሁም። ተደወለልኝ፤ ስልኬ ዝግ ነው። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ጋሽ እንድሪስ፣ ሰባን ያለፉት ሽማግሌ፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ዶማውን በእኔ ፋንታ ያዙ። አያ ይመር ደግሞ አባቴ የሞተ ዕለት ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙ ሰው ናቸው። ይህን ሳስብ አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል። ይባስ ብሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ በዚያ ሰዓት ኮት ለብሼ ውሃ ውሃውን ሳይ እንዳየኝ መሰከረ።

በማግስቱ ቅሬው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ አስጠራኝ። መንገድ ላይ እናቴ አሞኝ ነበር በል፣ ያንተ ነገር እንደሁ ውሸትም አይሆንብህ ብላ ለመነችኝ። ሌላ ልጅ የላትም። ብትሰረዝ እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እኔ ግን የተማርኩ ሰው አይደለሁ? እንዴት እዋሻለሁ! ተነሥቼ እውነቱን፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፌን መግቢያ፣ ከዳር እስከ ዳር ተናገርኩ።

ስጨርስ ጋሽ እንድሪስ "አብሽር ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝና ስለ መጽሐፉ ጀግና መጠየቅ ጀመሩ። የሰውዬው ሥራው ምንድን ነው? የለውም። ሚስትስ? የለችውም። ጎረቤቶቹ ስለሱ ምን ይላሉ? አይተዋወቁም። ሲያመው ውሃ የሚያቀብለው ማነው? ማንም። መጨረሻውስ? በተከራያት ክፍል ብቻውን ይሞታል አልኩ። "ማን ቀበረው?" አሉኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ካገላበጥኳቸው የሂስ መጻሕፍት አንዱም ይህን ጥያቄ አላነሣም። መጽሐፉ አይናገርም ብዬ መለስኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከአባላቱ አንዱ አያ አራጋው አማተቡና "ነፍሱን ይማረው፤ ኧረ ምን ዓይነት ሰፈር ቢሆን ነው!" አሉ። ጋሽ እንድሪስ ግን ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አላስነገርክም ብለው አፋጠጡኝ። ሞት መደበቅም በቅሬው ደንብ ጥፋት ነው፤ ክሴ ሁለት ሆነ። ኧረ ሰውዬው የፈጠራ ሰው ነው፣ እውነተኛ ሰው ቢሆን እንኳ ከሞተ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል ብል አያ አራጋው "እንዲያማ ከሆነ በጣም ዘግይተሃል" አሉኝ። ጋሽ እንድሪስ ያኔ ፈገግታቸውን ጢማቸው ውስጥ ደብቀው እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ተመካከሩና ፍርድ ሰጡ። ቅዳሜ ዕለት ወገን የሌለው ሟች ዘንድ ተቀምጦ ስለዋለ ለቅሶ ላይ እንደነበረ ይቆጠርለት፤ አይሰረዝ ተባለ። እናቴ እፎይ ስትል ከተቀመጥኩበት ሰማኋት። ሁለተኛው ጥፋት ግን እንዲህ በቀላሉ አልታለፈም። ሰውዬው ዘመድ ስለሌለው ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ቤት ሥር መዝገብ ይግባ፤ የመቆፈር ተራውንም ይኸው ልጅ ይወጣለት ተባለ። የቅሬው ጸሐፊ የአባቱን ስም ጠየቀኝ። አይታወቅም ብዬ ብመልስለት ባዶ መተው ነውር ነው ብሎ የአባቴን ስም ጻፈለት። በሠላሳ አራት ዓመቴ ወንድም አገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ የሁለት ሰው ተራ እቆፍራለሁ። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። አማካሪዬ እየደወለች ስለ ጀግናው ብቸኝነት የምትጽፈው ምዕራፍ የት ደረሰ ትለኛለች። ቅሬ የገባን ሰው እንዴት አድርጌ ብቸኛ ላድርገው?

ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሎኝ አንዱን ተራ ብቻ እንደምንም ቆፍሬ ተመለስኩ። ጸሐፊው የመገኘት ምልክቱን ከሁለታችን ለማን እንደሚያደርግ ተቸገረ። አዲስ አባል ገና ከጅምሩ ከቀረ ያስተዛዝባል ብሎ ለወንድሜ አደረገለት፤ እኔ በሕመም ቀሪ ተባልኩ። እናቴ ይህን ሰምታ ምን ብትል ጥሩ ነው? ተኝቼ ሳለሁ ደጅ ላይ ለጎረቤቶቿ ስትነግር ሰማኋት፤ "ሁለት ልጆች አሉኝ። አንዱ መጽሐፉን አቅፎ ሲተኛ ይውላል፤ እሱን እንኳ ተዉት። ያኛውን ግን አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ብሞትም የሚቀብረኝ እሱ ነው።"