የፍሬን ቀያሪዋ ባል

ሚስቱ የመኪና ፍሬን የቀየረችለት ሰው አይተው ያውቃሉ? እንግዲህ እኔን ይዩኝ!

ጋራዡ የጠራው ዋጋ ቢያስደነግጣት፣ ባለቤቴ ዓለም የፍሬኑን ዲስክም ሸራም ራሷ ገዝታ፣ ዓባይ ማዶ ግቢያችን ውስጥ መኪናችንን በክሪክ አነሣች። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ መካሪ ሆነ። ጨርሳ «ማን አብሮኝ ይሞክራል?» ስትል ግን ሁሉም ሥራው ትዝ አለው።

ጎረቤታችን መሪጌታ ብቻ «ልጄ፣ ዘንዘልማ አድርሽኝ» ብለው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ገባሁ።

መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ድንገት ፊታችን ገባ። ዓለም ፍሬን ያዘች፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ዓባይ ራሱ የቆመ መሰለኝ!

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ መሪጌታ።

«ይመስገን፤ ሸራውን የገጠምሁት ግን እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከሰው ስተዋወቅ ስሜን አልናገርም። «የዓለም ባል ነኝ» እላለሁ።